ስለ ተጫዋቾች ሙግት፤ ሰንጠረዥ፥ ገናና የዛሬው ጨዋታ በደብረ ታቦር

ሰንጠረዥ የሚለውን ቃል የማያውቅ ተማሪ የለም። የሚያውቀው ግን በመስመር ተከፋፍሎ ቍጥር የሚጻፍበት ገጽ ሆኖ ነው። ቃሉ ከዐረብኛው ሸጥረንጅ የመጣ ሲሆን፥ በአባቶቻችን ዘንድ ንጉሥና ፈረስ፥ ዝሆንና እግረኛ በጨርቅ ላይ ተሰልፈው የሚዋጉበት የጨዋታ ስም ነበረ። ጨዋታው ከአገር ጠፍቶ ስሙ ብቻ በሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ መቅረቱ ነገሩን እንድንመረምር አነሣሣን።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። አንድን ጨዋታ በሕይወት የሚያኖረው ምንድር ነው? ብዙ ሰው «ደንቡ ነው» ብሎ ይመልስ ይሆናል። የእኛ ሐሳብ ግን፥ ጨዋታን የሚያኖረው ስለ ደንቡ የሚሟገተው፥ ሲሸነፍ የሚያማርረው፥ ከዳር ተቀምጦ «እንዲህ ብታደርግ ኖሮ» የሚለው ሰው ነው የሚል ነው። ይህንንም ከደብረ ታቦርና ከአካባቢዋ ደጋ በተገኙ ሦስት ጨዋታዎች ለማስረዳት እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

፩፤ የራሶቹ ግቢ

ደብረ ታቦር በጉና ተራራ አጠገብ የተመሠረተች፥ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ራስ ጉግሣ መናገሻ ያደረጓት ከተማ ናት። በጎንደር የነገሡት ነገሥታት ስም ብቻ በቀረላቸው በዚያ ዘመን፥ የአገሩ ሥልጣን በእርግጥ የሚገኘው በዚህች ከተማ ነበረ። የራስ ጉግሣ የልጅ ልጅ ራስ ዓሊ ከ1831 እስከ 1853 ድረስ ከዚህ ሆነው በጌምድርን ገዙ። በየካቲት 1842 ደጃዝማች ውቤ በዚህች ከተማ አጠገብ ድል ካደረጉ በኋላ፥ ድላቸውን ሲያከብሩ በድንገት መማረካቸው የታወቀ ታሪክ ነው።

በእንደዚህ ያለ ግቢ የሚበዛው ሥራ ደጅ መጥናት ነበር። ባለጕዳዩ፥ ሹም ሽር የሚጠብቀው፥ ርስቱን የተቀማው፥ ከጌታው ጋር የመጣው አሽከር፥ ሁሉም ከጧት እስከ ማታ ተቀምጦ ይጠብቃል። ጊዜ የተረፈው ሰው በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ ጨዋታ መፈለጉ የማይቀር ነው። የሰንጠረዥ ጨርቅ የሚዘረጋው እንዲህ ባለው ጉባኤ መካከል ነበረ።

ጨዋታው ግን በራሶቹ ዘመን የተጀመረ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደ ነበረ ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቷል። ከሁሉ የሰፋውን መግለጫ የተወልን ግን ዋልተር ፕላውደን ነው። ፕላውደን በ1843 ከጓደኛው ከጆን ቤል ጋር ወደ አገራችን መጣ፤ በኋላም የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ በ1849 ከራስ ዓሊ ጋር ውል ተፈራረመ። በ1860 በጎንደር አጠገብ ተገደለ፤ ጽሑፉን ወንድሙ በ1868 አሳተመለት። አብዛኛውን ጊዜውን በራስ ዓሊ አገር ያሳለፈ ሰው ስለ ሆነ፥ የገለጸው ጨዋታ የዚሁ ግቢ ጨዋታ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

፪፤ ሰንጠረዥ እንዴት ይጫወቱት ነበር

ገበታው ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሲሆን፥ ጥቍር ወይም ሰማያዊ መስመር ተሰፍቶበት በ64 ቤት ይከፈላል። ቤቶቹ እንደ ዛሬው ቼዝ ነጭና ጥቍር አይደሉም። በእያንዳንዱ ወገን አንድ ንጉሥ፥ አንድ ፈርዝ፥ ሁለት ፊል፥ ሁለት ፈረስ፥ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ ይሰለፋሉ። ፈርዝ በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል፥ ይኸውም ዝሆኑ፥ በማዕዘን አንድ ቤት ዘሎ በሦስተኛው ላይ ያርፋል። ደር በቀጥታ የፈለገውን ያህል ይሄዳል፤ መደቅ እግረኛው ነው።

ጨዋታውን ከሌላው ዓለም ሰንጠረዥ ሁሉ የሚለየው አጀማመሩ ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ አይጠባበቁም። የመጀመሪያው ምርኮ እስኪወሰድ ድረስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፥ እጃቸው በቻለው ፍጥነት፥ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ይህም ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ በዐይኑ እየተከተለ የራሱን ያፈርሳል፥ እንደገናም ይሠራል። አንድ ሰው ሲማረክ ግን ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ይሆናል። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚጫወቱ ወጣቶች ያለ ተራ የሚካሄደውን የጦር ጨዋታ፥ ለምሳሌ በ1998 የወጣውን ስታርክራፍትን፥ የአዲስ ዘመን ፈጠራ አድርገው ይቈጥሩታል። በራስ ዓሊ ዘመን የኖረ አሽከር ቢያየው ግን «ይህማ ወረራ ነው» ሳይል የሚቀር አይመስለንም።

፫፤ ሙግቱ ከወዴት ይመጣል

ይህን ደንብ ልብ ብሎ የሚመለከት ሰው ጠብ የሚነሣባቸውን ቦታዎች ወዲያው ያገኛል። አንደኛው ወረራው ነው። ሁለት እጅ በአንድ ጊዜ በሚንቀሳቀስበት ሰዓት የመጀመሪያውን ምርኮ ማን እንደ ወሰደ፥ ያኛውስ እጁን መች እንዳነሣ፥ ከተጫዋቾቹ ይልቅ ዳር የተቀመጠው ሰው ያውቃል። እንግዲህ ያለ ምስክር ወረራን መጫወት አስቸጋሪ ነው።

ሁለተኛው የአሸናፊነት ማዕርግ ነው። የባላጋራን ንጉሥ መውጫ ማሳጣት ብቻውን አያስመሰግንም ነበር፤ በምን እንዳሳጡት ይጠየቃል። በደር ወይም በፈረስ መርታት ጥበብ የጐደለው ሥራ ተደርጎ ሲቈጠር፥ በፊል፥ በፈርዝ ወይም በመደቆች መርታት ያስከብር ነበር። ስለዚህ አሸናፊው ራሱ ሊወቀስ፥ ተሸናፊውም «በእንዲህ ያለ ነገር መሸነፍ አያሳፍርም» ብሎ ሊጽናና ይችላል።

ሦስተኛው ቈጠራ ነው። ንጉሡ ብቻውን የቀረ ተጫዋች አይረታም። ከንጉሡ ጋር አንድ ሰው ብቻ የቀረው እንደ ሆነ ደግሞ፥ ያ ሰው ሰባት ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ባላጋራው ጨዋታውን መፈጸም አለበት። ሰባቱን ማን ይቍጠር? ሁለቱ ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው ለራሳቸው የሚያደላ ቍጥር እንደሚቈጥሩ የታወቀ ነው። እዚህም ላይ ጉባኤው ያስፈልጋል።

አራተኛው ራሱ ጉባኤው ነው። መንገደኞቹ እንደ ጻፉት ሰንጠረዥ በዝምታ የሚጫወቱት ጨዋታ አልነበረም። በዙሪያው የተቀመጡት ምክር ይሰጣሉ፥ ያወድሳሉ፥ ይነቅፋሉ፤ ጌታና አሽከር የሚባለው ልዩነትም ለዚያ ሰዓት ይላላል። የአውሮፓን ቼዝ ለለመደ እንግዳ ይህ ሁሉ ሁካታ የሥርዓት ጕድለት መስሎ ሊታየው ይችላል። እኛ ግን ሁካታው የጨዋታው ዳኛ ነበረ እንላለን። የተጻፈ ደንብ በሌለበት፥ የሚያማርረው ተሸናፊና የሚመልስለት ጉባኤ የደንቡ መዝገብ ነበሩ።

፬፤ የገና ሜዳ

ሰንጠረዥ የመኳንንት ጨዋታ ነው ተብሎ እንዳይታለፍ፥ ከግቢው ውጭ ያለውንም መመልከት ይገባናል። በፋርጣና በጉና ሥር ባለው ደጋ ታኅሣሥ 29 ቀን እህሉ በታጨደበት ሜዳ ገና ይጫወታሉ። ሁለቱ ወገኖች የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተባብለው ይከፈላሉ፤ ጫፉ በቈለመመ ዱላ ሩሯን እየመቱ ወደ ባላጋራ ዳር ይነዳሉ። የተጫዋቹ ቍጥር አይወሰንም፤ የሜዳውም ስፋት እንደ ቦታው ነው። በመሆኑም ሩሯ ዳሩን አለፈች አላለፈችም፥ ዱላው እግር መታ ሩር መታ የሚለው ሙግት ከጨዋታው እኩል ጊዜ ይወስዳል።

በገና ሰሞን ጌታ በሎሌው ቀልድ እንደማይቈጣ በምሳሌ የሚነገር ነው። አሸናፊው ወገን ተሸናፊውን በግጥም ይሰድባል፤ የተሰደበው ባለጸጋ ቢሆን እንኳ በነጋታው ቂም አይይዝም። አንድ በዕድሜ የገፉ የፋርጣ ሰው ስለዚህ ነገር ጠይቀናቸው ሲመልሱልን፥ «ልጄ፥ በገና ያልተሟገተ ሰው ዓመቱን ሙሉ ይሟገታል» አሉን። በዳኛ ፊት ሊናገሩት የማይቻለው ነገር በሜዳ ላይ ይነገር ነበር ማለታቸው ነው።

፭፤ አንዱ ጠፋ፥ አንዱ ቀረ

እንግዲህ ሰንጠረዥ ለምን ጠፋ? ጨዋታው ከራስ ዓሊ መሸነፍ በኋላም አልጠፋም። ከስሜንና ከበጌምድር መኳንንት ወገን የሆኑት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበረ ይነገራል። በመኳንንቱ ቤት እስከ ጣልያን ወረራ፥ ይኸውም እስከ 1935 እና 1936 ድረስ ቈይቷል። ከዚያ በኋላ ግን በፍጥነት ተረሳ።

የአውሮፓው ቼዝ ስለ ተተካበት ነው የሚሉ አሉ። ይህ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን አዲስ ደንብ መምጣቱ ብቻውን አሮጌውን ጨዋታ አይገድልም፤ ገበጣ ስንት አዲስ ጨዋታ መጥቶ ዛሬም በእረኛው ዘንድ አለ። ልዩነቱ ሰንጠረዥ ጉባኤውን ያገኝ የነበረው ከጌታ ግቢ መሆኑ ነው። ደጅ ጠኚው ሲበተን ምስክሩ፥ ቈጣሪው፥ ነቃፊውም አብረው ተበተኑ። የቀሩት ሁለት ሽማግሌዎች ጨርቁን ሊዘረጉ ይችላሉ፤ ወረራውን የሚዳኝላቸው ግን የለም። በአንጻሩ የተተካው ቼዝ ተራ ጠባቂ ነው፤ ደንቡ የተጻፈ ነው፤ ተመልካቹም ዝም እንዲል ይገደዳል። ጉባኤ ለሌለው ዘመን የሚስማማ ጨዋታ ነው። ገና ግን ጉባኤው ሰፈሩ ራሱ ስለ ሆነ፥ ግቢ ፈረሰ ብሎ አልፈረሰም።

፮፤ የዛሬው ቤት

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ በደብረ ታቦር በአንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ጥቂት ከሰዓት በኋላዎች ተቀምጠን ወጣቶቹን ተመለከትን። በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ሁለት ተጫዋቾች የእግር ኳስ ጨዋታ ይጋጠማሉ፤ ከኋላቸው ተራ የሚጠብቁ ስምንት ወይም ዘጠኝ ልጆች ቆመው ይመክራሉ፥ ይሳለቃሉ። እሮሮው ብዙ ነው። አንዱ ጆይስቲክ የሚሉት መቈጣጠሪያ ያረጀ ስለ ሆነ እንደ ተሸነፈ ይናገራል። ሌላው ማሽኑ ለባላጋራው ያደላል ይላል። ከሁሉ የከፋው መብራት ሲጠፋ ነው፤ ሁለት ለባዶ ይመራ የነበረው ልጅ ጩኸት እስከ መንገድ ይሰማል።

በማሽኑ ውስጥ ያለው ደንብ በሩቅ አገር የተጻፈ ነው፤ የደብረ ታቦር ልጅ ቢጮኽ አይለወጥም። ነገር ግን ልጆቹ በዙሪያው የራሳቸውን ደንብ ሠርተዋል። መብራት ከዕረፍት በፊት ቢጠፋ ግጥሚያው ያለ ክፍያ ይደገማል፤ ከዕረፍት በኋላ ከጠፋ የመራው እንዳሸነፈ ይቈጠራል። አሮጌውን መቈጣጠሪያ የሚይዘው ቀድሞ ያሸነፈው ነው። ይህን ማንም አልጻፈላቸውም፤ በጩኸት የተገኘ ሕግ ነው። በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል በስልክ የሚገኘው ኢንተርኔት ሲቋረጥ ከሩቅ ሰው ጋር በመረብ መጋጠም የማይቻል ሆነ፤ ጐን ለጐን ተቀምጦ መጋጠምና ፊት ለፊት መሟገት ግን መረብ አይፈልግም።

አንዳንድ ወላጆችና መምህራን ይህን ጩኸት የስድነት ምልክት አድርገው ያዩታል። ለትምህርት የሚሆነው ጊዜ በዚያ መባከኑን እኛም አንክድም። ይሁን እንጂ ጩኸቱን ብቻውን ብንመዝነው፥ ከራስ ዓሊ ግቢ ጩኸት የሚለይበትን ነገር አላገኘንበትም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንዳየነው፥ የተጫዋቾች እሮሮ ከጨዋታ የሚተርፍ ገለባ አይደለም። ደንቡ የሚታወቀው፥ የሚጠበቀውም በእርሱ ነው። እሮሮውን የሚሰማው ጉባኤ ሲበተን ጨዋታውም ይበተናል።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን ተማሪዎች የምናቀርበው አሳብ አለ። ወደየአገራችን ስንመለስ የጨዋታዎችን ስምና ደንብ ብቻ ከመጻፍ ይልቅ ሙግቶቻቸውን እንሰብስብ፤ ምን ሲሆን ይጣላሉ? ማን ይዳኛል? የተሸነፈው ምን ብሎ ያማርራል? ስለ ሰንጠረዥ የምናውቀውን ያህል ማወቅ የቻልነው፥ ሪቻርድ ፓንክረስት ጨዋታውን ያዩ ሰዎች ሳያልቁ ጠይቀው በ1971 ጽሑፋቸውን ስላወጡ ነው። እነዚያን ሽማግሌዎች ዛሬ መጠየቅ አይቻልም። የገናን ዳኝነት የሚያውቁት ግን በፋርጣ ገና አሉ፤ የመብራቱን ሕግ ያወጡትም ልጆች ከእኛ በጥቂት ዓመት ብቻ ያንሳሉ።