ከሩቅ ሆኖ መድኃኒት ማዘዝ፤ የአእምሮ ሕክምናና የመገናኛ መስመር ታሪክ

በዛሬው ዘመን አንድ የአእምሮ ሕመምተኛ ከቤቱ ሳይወጣ በእጅ ስልኩ መስኮት ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ መድኃኒቱ ሲጨመርለት ወይም ሲቀነስለት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙ ሰው ይህን አሠራር በ2020 የተነሣው የኮሮና ወረርሽኝ የወለደው አድርጎ ይገምተዋል። በእርግጥ ግን አሠራሩ ከስድሳ ዓመት የበለጠ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ ታሪኩም የሕክምና ብቻ ሳይሆን የምህንድስናም ታሪክ ነው። መስመሩ በየዘመኑ ለሐኪሙ ያደረሰለትን ያህል፣ ሊያደርስለት ያልቻለውንም ነገር መመርመር ለሙያው ሰዎች ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ ስለ መድኃኒቶቹ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያደረበት ሰው፣ በአውሮፓና በአሜሪካ፣ ብዙውን ጊዜ ዕድሜውን የሚገፋው በትላልቅ ሆስፒታሎች ተዘግቶ ነበር። በ1949 ጆን ኬድ የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም ሊቲየም የተባለው ማዕድን ጨው ማኒያ የሚባለውን ከልክ ያለፈ የመንፈስ መነሣሣት እንደሚያበርድ አስታወቀ። በ1952 ደግሞ ዣን ደሌይና ፒየር ደኒከር የተባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች በፓሪሱ የሴንት አን ሆስፒታል ክሎርፕሮማዚን በተባለው መድኃኒት ያገኙትን ውጤት ገለጹ። እነዚህና እነዚህን የተከተሉት መድኃኒቶች ብዙ ሰዎች ከሆስፒታል አጥር ወጥተው ወደየቤታቸው እንዲመለሱ ረዱ።

ይሁን እንጂ መድኃኒቶቹ ልክና ጥንቃቄ የሚሹ ነበሩ። ሊቲየም በአንድ ሊትር የደም ፈሳሽ ውስጥ ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ሲሆን ይጠቅማል፤ ከ1.5 ሲያልፍ ግን ሊመርዝ ይችላል። በጥቅሙና በጉዳቱ መካከል ያለው ርቀት እንዲህ ጠባብ በመሆኑ፣ መድኃኒቱን ያለ ሥጋት መስጠት የተቻለው የነበልባል ፎቶሜትር የተባለው መለኪያ በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። ይህ መሣሪያ ናሙናው በእሳት ነበልባል ውስጥ ሲያልፍ የሚወጣውን ብርሃን በመለካት የጨዉን መጠን ያስታውቃል። ክሎርፕሮማዚን በበኩሉ የእጅ መንቀጥቀጥና የጡንቻ መገተር ሊያመጣ ይችላል። እንግዲህ ሕመምተኛው ወደ ቤቱ ሲመለስ ከሐኪሙ ይርቃል፤ መድኃኒቱ ግን የቅርብ ተከታታይ ይሻል። ርቀቱን በሽቦና በሞገድ ለመሻገር የተደረገው ጥረት ትርጉም የሚያገኘው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከቀዳሚዎቹ ጥረቶች አንዱ የተደረገው በአሜሪካ፣ ሜዳማና ሕዝቧ የተራራቀ በሆነችው በነብራስካ ነው። በኦማሃ ከተማ የነብራስካ የአእምሮ ሕክምና ተቋም ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ሴሲል ዊትሰን በ1950ዎቹ ዝግ የቴሌቪዥን መስመርን ለማስተማሪያ አዋሉት፤ በ1959ም በሁለት ወገን ቴሌቪዥን የቡድን ሕክምና ሞከሩ። በ1964 ተቋሙ 180 ኪሎሜትር ያህል ከሚርቀው ከኖርፎክ የአእምሮ ሆስፒታል ጋር በሁለት ወገን የቴሌቪዥን መስመር ተገናኘ። በዚህ መስመር የኦማሃ ባለሙያዎች የኖርፎክን ሐኪሞች ያማክሩና ያስተምሩ ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ አማካሪው በሩቅ ቢሆንም ሕመምተኛው የነበረው በኖርፎክ ሐኪሞችና ነርሶች እጅ መሆኑ ነው።

በ1968 ደግሞ ዶክተር ኬኔዝ በርድ የቦስተኑን የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ከሎገን አውሮፕላን ማረፊያ የሕክምና ጣቢያ ጋር በማይክሮዌቭ አገናኙ። ሐኪሙ በሆስፒታሉ ሲቀመጥ ጣቢያውን የሚይዙት የሠለጠኑ ነርሶች ነበሩ። በዚሁ ሆስፒታል የሠሩት ዶክተር ቶማስ ድዋየር በ1973 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን የአእምሮ ሕክምና ዘዴ «ቴሌሳይካያትሪ» ብለው ጠሩት።

ከዚህ በኋላ የመጣው ለውጥ መሐንዲሶችን በተለይ የሚመለከት ነው። በ1990ዎቹ ውድ የሆኑት የቴሌቪዥን መስመሮች ቀርተው ምስልን አጭቀው የሚያስተላልፉ፣ በሴኮንድ 128 ወይም 384 ኪሎቢት የሚሸከሙ ዲጂታል የስልክ መስመሮች ተተኩ። ዋጋው ቀነሰ፤ ምስሉም አብሮ ቀነሰ። የአሜሪካ ቴሌቪዥን በ1964ም ቢሆን በሴኮንድ 30 ሥዕል ያሳይ ነበር፤ በ128 ኪሎቢት የሚላከው ግን ብዙ ጊዜ ወደ 15 ወይም ከዚያ በታች ይወርድ ነበር። የክሎርፕሮማዚን ዓይነት መድኃኒቶች የሚያመጡት የእጅ መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ የሚወዛወዝ ሲሆን፣ ሊቲየም የሚያመጣው ከ8 እስከ 12 ይደርሳል። በናሙና አወሳሰድ ሕግ መሠረት አንድን ውዝዋዜ በትክክል ለማሳየት ከእጥፉ የበለጠ ሥዕል ስለሚያስፈልግ፣ አዲሱ ዕቃ የመጀመሪያውን በጭንቅ ሲያሳይ ሁለተኛውን ያዛባው ነበር። ሐኪሙ ሕመምተኛውን ያያል፤ መድኃኒቱ ያደረሰበትን ጉዳት ግን ላያይ ይችላል። በ1997 የታተመ የአሜሪካ ጥናትም የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኞች በሁለቱም መስመሮች በደኅና ሊመረመሩ ቢቻልም፣ እንደ ፊት መፍዘዝ ያሉ ስውር ምልክቶች በጠባቡ መስመር በአስተማማኝ ሁኔታ እንደማይለዩ አመለከተ።

መስመሩ እየሰፋ ሲሄድ ውጤቱ ተሻሻለ። በ2004 የታተመ ጥናት የመንፈስ ጭንቀት ያለባቸውን 119 የቀድሞ ወታደሮች ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹ በመስኮት ግማሹ ፊት ለፊት ለስድስት ወር መድኃኒትና ምክር እንዲያገኙ አደረገ። የሁለቱ ወገኖች መሻል፣ መድኃኒታቸውንም በትእዛዙ መሠረት መውሰዳቸው ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። በ2007 በካናዳ በ495 ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ጥናትም ወደዚሁ መደምደሚያ ደረሰ።

ይህ ሁሉ ቢሆንም መስመሩ ምንም ያህል ቢሰፋ የማይሸከማቸው ነገሮች አሉ። የክንድን መገተር ለማወቅ የሰው እጅ ክንዱን ማጠፍና መዘርጋት አለበት። ክሎዛፒን የተባለው መድኃኒት ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። በ1975 በፊንላንድ ነጭ የደም ሕዋሳቸው በመድኃኒቱ የተነሣ ስለጠፋ በርካታ ሕመምተኞች ሞቱ። መድኃኒቱ በ1989 በአሜሪካ የተፈቀደው ደም በየሳምንቱ እንዲመረመር ግዴታ ተደርጎ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የግዴታ መመዝገቢያ ሥርዓቱን በ2025 ቢያነሣም የደም ምርመራው አሁንም ይመከራል። ደም ደግሞ በመስኮት አይቀዳም።

በሌላው ጫፍ ማንም በሌለበት የሚደርሰውን አደጋ በ2001 በካሊፎርኒያ የደረሰው ሐዘን ያሳያል። ራያን ሄይት የተባለ የ18 ዓመት ወጣት፣ በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ሐኪም በኢንተርኔት ባዘዘለት የሕመም ማስታገሻ ሞተ። በስሙ የተጠራው የ2008ቱ ሕግ ሱስ የሚያስይዙ መድኃኒቶችን፣ የአእምሮ ሕክምና ማነቃቂያዎችንና ማረጋጊያዎችን ጨምሮ፣ ሐኪሙ ሕመምተኛውን ቢያንስ አንድ ጊዜ በአካል ሳያይ በኢንተርኔት እንዳያዝዝ በመሠረቱ ከለከለ። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ግዴታው ለጊዜው ሲነሣ ብዙዎች ሕክምናቸው ሳይቋረጥ ቀርቷል፤ ፈቃዱም ከዚያ በኋላ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ክርክሩ አሁንም መነሻው አንድ ነው፤ ይኸውም ሕመምተኛውን በቅርብ የሚያይለት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል በነበረባት በኢትዮጵያ ለዚህ ጥያቄ መልስ የተፈለገው ከመስመር በፊት በሰው ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች እየሠለጠኑ ወደ ክፍለ ሀገር ተላኩ። በ2022 የታተመው ጥናትም ሥልጠናና ክትትል ያገኙ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሕክምና፣ የአእምሮ ነርሶች በሆስፒታል ከሚሰጡት እንደማያንስ አሳየ። እንግዲህ መስመሩ ሲደርስ በዚያኛው ጫፍ የሚቀበለው ሰው አለ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ከኦማሃ እስከ ሎገን ሥራው የተቃናው በመስኮቱ ማዶ የሠለጠነ ሰው ስለነበረ ነው። ስለዚህ የሩቅ ሕክምና መስመር የሚነድፍ መሐንዲስ በንድፉ ላይ ከካሜራውና ከመስኮቱ ጋር ለነርሷ ወንበር፣ ለሚዛኑ፣ ለደም መመርመሪያውም ቦታ ሊያበጅላቸው ይገባል።