ዋስና ዋስትና፦ የቤት ባለቤትነት ምኞትና የኑሮ መረጋጋት በታሪክ ዓይን



የዛሬውን ንግግሬን ከተወለድሁባት ከሐሙሲት እጀምራለሁ። ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ወረታ ከመድረሳችን በፊት የምናገኛት የደራ ወረዳ ከተማ ናት። ስሟ ራሱ የሐሙስን ገበያ ያስታውሳል። አባቴ በጉማራ ወንዝ ዳር ሩዝ ያመርቱ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ጥር ላይ ምርታቸውን ሸጠው እንደ ጨረሱ ከተማው ውስጥ አንድ ቆርቆሮ ቤት ለሽያጭ ቀረበ። እናቴ እንዲገዛ አጥብቀው ፈለጉ። ዋጋውን ለመሙላት ግን ሁለቱን በሬዎች መሸጥና በወለድ መበደር ያስፈልግ ነበር። አባቴ እምቢ አሉ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የፎገራን ሜዳ ጎርፍ አጥለቀለቀው፤ የእኛንም ሩዝ ወሰደው። ቤተሰባችንን ያቆሙት በሬዎቹና ያልተነካው ገንዘብ ነበሩ። ያም ሆኖ የዚያ ቤት ዋጋ ከዓመት ዓመት ሲንር እናቴ እስከ ዛሬ ይቆጫሉ። ከሁለቱ ማን ትክክል ነበር? ይህ ጥያቄ ወደ ታሪክ መራኝ።

በአማርኛችን ዋስትና የሚለው ቃል ከዋስ ጋር አንድ ሥር አለው። የኑሮ መተማመኛ መጀመሪያ ሰው ነበር ማለት ነው። በበጌምድር አርሶ አደር ዘንድ ይህን መተማመኛ የሚሰጠው ርስት ነበር። ርስት ከአባትም ከእናትም ወገን በትውልድ ቆጠራ የሚገኝ መብት በመሆኑ ባለ ርስቱን በቀላሉ የሚነቅለው አልነበረም። ይሁን እንጂ ያው የዘር ሐረግ አዲስ ይገባኛል ባይ ስለሚያስነሣ ርስት የማያባራ ሙግትም ነበር። መብቱ ነበረ፤ የአእምሮ ዕረፍቱ ግን ሁልጊዜ አልነበረም።

በጎንደር ዘመን የመሬት ግዢና ሽያጭ ሲስፋፋ ሰዎች ለዚህ ሥጋት መፍትሔ ፈለጉ። ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክረሚ በሰፊው ያጠኗቸው፣ በአብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ላይ የሰፈሩ የሽያጭ ውሎች የሻጩንና የገዢውን ስም፣ ዋጋውን፣ ዋሱንና ምስክሮቹን ይዘረዝራሉ። ገዢው የሚከፍለው ለመሬቱ ቢሆንም፣ የሚተኛው በዋሱና በእማኞቹ ተማምኖ ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ሁሉ ለወጠው። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ። ለጡረታ ዘመናቸው መተማመኛ ብለው ጥሪታቸውን ሁሉ በሚከራዩ ቤቶች ላይ ያፈሰሱ ሰዎች በአንድ ቀን ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በአንጻሩ የቀበሌ ቤት ተከራይ በዝቅተኛ ኪራይ ለአሥርት ዓመታት ተረጋግቶ ኖረ፤ ለልጁ የሚያወርሰው ግን አልነበረውም። ባለቤትነትና ዋስትና ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምዕራፍ በታሪካችን አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። በ1986 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ቦታ ሊዝ በ2004 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 721 ተጠናከረ። በአዲስ አበባ በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤቶች የተመዘገበው ብዙ ሰው ረጅም ዓመታት ዕጣ ጠበቀ። መጠበቅ ያቃተው ደግሞ በየከተማው ዳርቻ ያለ ፈቃድ ጨረቃ ቤት ሠራ፤ የራሱ ጣሪያ ሥር እያደረም የአፍራሹን ድምፅ ሲያዳምጥ ነጋበት።

ተማሪዎቼ ደመወዝ መቀበል በጀመሩ በዓመቱ «ቤት ልግዛ ወይስ ልከራይ?» ብለው ይጠይቁኛል። ታሪክ የዋጋ ትንበያ አይሰጥም። ነገር ግን የጎንደሩ ገዢ ይጠይቅ የነበረውን እንድንጠይቅ ያስተምረናል፦ ዋሴ ማን ነው? ሰነዱ ሕጋዊ ነው? ሥራዬ ቢቋረጥ ወይም ሰው ቢታመምብኝ ብድሩን ስንት ወር እከፍላለሁ? ቤቱን ለመግዛት የምሸጠው በሬ፣ ማለትም የዕለት እንጀራዬን የሚያመጣው ነገር የትኛው ነው? ለእነዚህ መልስ ያለው ሰው ይግዛ፤ ቤት ከገንዘብ በላይ ነውና። «ጎጆ ወጣ» የምንለው እኮ ትዳር ለያዘ ሰው ነው። መልስ የሌለው ግን በኪራይ ቤት ቢቆይ አያፍርበት።

ወደ ወላጆቼ ልመለስና ላብቃ። አሁን ሳስበው ሁለቱም ትክክል ነበሩ። እናቴ የተመኙት ቤት እውነተኛ ሀብት ነበር፤ አባቴ ያልሸጧቸው በሬዎች ደግሞ እኔን ትምህርት ቤት አቆዩኝ። ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው በዚያ ውሳኔ ነው፤ የእናቴ ቁጭትም የዚያው ውሳኔ ዋጋ ነው።