የካራቆሬ መንቀጥቀጥና የመሣሪያው ተቃውሞ

በ1953 ዓ.ም. በግንቦት ወር መጨረሻ፣ ከከሚሴ በስተደቡብ በአዲስ አበባና በአስመራ መንገድ ላይ የምትገኘው ካራቆሬና አካባቢዋ በብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመቱ። የማጀቴ ከተማ ፈራረሰች፤ ምድሪቱ ተሰነጣጠቀች፤ መንገዱም ተጎዳ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል አባ ፒየር ጉዌን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቁመው ስለ ነበር፣ አደጋው በሕዝብ ትዝታ ብቻ ሳይቀር በሳይንስ መዝገብም ገባ። እ.ኤ.አ. በ1979 ጉዌን ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክም ሰፊ ቦታ አግኝቷል።

ይሁንና መዝገብ የሚታመነው መሣሪያው የታመነ ሲሆን ነው። ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባገኘው ሕግ ላይ ተመሥርቶ፣ ሩሲያዊው ቦሪስ ጎሊትሲን እ.ኤ.አ. በ1906 የኤሌክትሮማግኔት ሲስሞግራፍ ሠራ። በዚህ ዓይነቱ መሣሪያ መሬት ስትንቀጠቀጥ ጥቅል ሽቦና ማግኔት አንዱ ከሌላው አንጻር ይንቀሳቀሳሉ፤ የሚወጣውም ቮልቴጅ ከእንቅስቃሴው ፍጥነት ጋር ተመጣጣኝ ነው። ከረንቱ ግን፣ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 እንዳስረዳው፣ በተቃውሞ ይወሰናል። ይኸው ከረንት የመሣሪያውን ክብደት እንደ ልጓም ሆኖ ከመወዛወዝ ይገታዋል።

ለምሳሌ የጥቅል ሽቦው ተቃውሞ 500 ኦም፣ የጋልቫኖሜትሩም 500 ኦም ይሁን። በክረምት እርጥበት ወደ ገመዱ ቢገባ፣ ከጋልቫኖሜትሩ ጎን ለጎን ከረንት የሚሾልክበት ሌላ መንገድ ይከፈታል። ካልኩለስ እንደሚያሳየው፣ የሁለቱ የጋራ ተቃውሞ የሚለወጥበት ፍጥነት የሚገኘው፣ የጋራው ተቃውሞ ለመሹለኪያው ተቃውሞ ተካፍሎ የሚወጣውን ቁጥር በራሱ አባዝቶ፣ ውጤቱን በመሹለኪያው የለውጥ ፍጥነት በማባዛት ነው። መሹለኪያው 5,000 ኦም ሲሆን ይህ ውጤት 1/121 ነው፤ 500 ኦም ሲሆን 1/4 ይሆናል። እርጥበቱ የመሹለኪያውን ተቃውሞ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ቢቀንሰውም፣ በጋራው ተቃውሞ ላይ የሚያመጣው ለውጥ በመጨረሻ ከመጀመሪያው 30 ጊዜ ያህል ይፈጥናል።

በመጀመሪያው ደረጃ ወደ ጋልቫኖሜትሩ የሚደርሰው ከረንት የሚጎድለው 5 ከመቶ ያህል ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ግን አንድ ሦስተኛው ይጠፋል፤ ልጓሙም በአንድ ሦስተኛ ይጠብቃል። ጉድለቱ ካልታረመ፣ ከከረንቱ መጠን የሚሰላው የመንቀጥቀጥ ማግኒቱድ 0.2 ያህል አንሶ ይጻፋል።

ስለዚህ ጥገና የመዝገቡ መዛባት በዓይን እስኪታይ የሚጠበቅ ሥራ አይደለም። ለውጡ ገና አዝጋሚ ሳለ የሽቦውን ሽፋን መለካት ይገባል፤ የሚታይ በሆነ ጊዜ እየፈጠነ ነውና። የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመለከተው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ ቁጥር 8ም ሆነ እርሱን የተኩት ደንቦች እንዲህ ባሉ መዝገቦች ላይ ይቆማሉ። በከሚሴ፣ በሰንበቴና በካራቆሬ የሚቆመው ምሰሶ ውፍረትና በውስጡ የሚገባው ብረት የሚወሰነው ቀድሞ በተጻፈው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም ከእያንዳንዱ ኦም ጋር የተያያዘ ነው።