ወደ ቀኝ ዘንበል፣ ወደ ግራ ዞር

የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝና ከሐይቅ ጋር የተዋወቅሁት ዘግይቼ ነው። ባሕር ዳር ያን ጊዜ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረች። በ1959 ዓ.ም. የካቲት ላይ አባቴ ለዑራ ኪዳነ ምሕረት ስለት ነበረበትና አስከትሎኝ ወረደ። ጣናን አቋርጠን ገዳሙ ወዳለበት ወደ ዘጌ የተሻገርነው በደንገል ታንኳ ነው።

ባለታንኳው ከነገደ ወይጦ ወገን የሆኑ ሽማግሌ ነበሩ። መንገድ ላይ ከውሃው ድንጋይ ብቅ ሲል ቀኝ ጉልበታቸውን ተጭነው ወደ ቀኝ ዘንበል አሉ። ሰመጥን ብዬ የአባቴን ጋቢ ጨበጥኩ። ታንኳው ግን አፍንጫውን ወደ ግራ መልሶ ድንጋዩን አለፈው።

«አባባ፣ ወደ ቀኝ አዘንብለው እንዴት ወደ ግራ ዞረ?»

«ጫፉማ አየር ላይ ነው ልጄ። የሚዞረው ሆዱ ነው» አሉኝ።

ነገሩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ታንኳ ፊቱም ኋላው ወደ ላይ የተቀለበሰው ለውበት ብቻ አይደለም። ጫፎቹ ከውሃ ሲነሡ ውሃ የሚነካው ርዝመት ያጥራል፤ አጭር ነገር ደግሞ ለመዞር አያስቸግርም። ጎኑን ሲያዘነብሉት የሰመጠው ወገን እንደ ቀስት የጎበጠ ስለሆነ ታንኳው ጉብጠቱን ተከትሎ ወደ ሌላው ወገን ይታጠፋል። ዛሬ በፋይበር የሚሠሩት ጠባብ የባሕር ታንኳዎችም የሚዞሩት በዚሁ ብልሃት ነው። ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ግን ጫፎቹ ይወርዳሉ፣ ታንኳው ይከብዳል፣ እሺ ብሎም አይዞርም። ከዘጌ ማገዶ ጭኖ የመጣ ታንኳ ወደብ ሲደርስ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ የሚቆመው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያውቁት ወይጦዎች ጉማሬ ይበላሉ ተብለው የተገለሉ ሰዎች ነበሩ። አባቴ ነፍሳችንን ለሽማግሌው አደራ ሰጥቶ ሐይቁን ሲሻገር ከእጃቸው ግን ውሃ አልተቀበለም። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ከዚያ ጉዞ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1961 ዓ.ም.፣ ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን በደንገል ጀልባ ለማቋረጥ ተነሣ። 12 ቶን ያህል ደንገል ከጣና አስጭኖ ወደ ግብፅ ወሰደ። በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ «ራ» የተባለችውን ጀልባ የሠሩለት ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ደንገሉ የእኛ፣ እጁ የሌላ። ራ ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሥታ ብዙ ከተጓዘች በኋላ ኋላዋ እየሰመጠ ሄደ፤ ባርቤዶስ ሳትደርስ ተሳፋሪዎቹ ጥለዋት ወጡ። በጥንት ግብፃውያን ሥዕል ላይ ከኋላው ጫፍ ወደ ወለሉ የተወጠረ ገመድ ነበር፤ እነ ሄየርዳል ጥቅሙ ሳይገባቸው ትተውት ነበር። በ1962 ዓ.ም. ሁለተኛዋ ራ፣ በቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች እጅ ተሠርታ፣ በ57 ቀን ተሻገረች።

እኔ በዚያ የካቲት ዘጌ ዳርቻ ላይ ሽማግሌው ከመመለሳችን በፊት የታንኳቸውን ጫፍ ወደ ላይ ስበው፣ እግራቸውን አስደግፈው፣ ገመዱን ሲያጠብቁ ቆሜ አይቻለሁ።