ከጎንደር ገበያ እስከ ኢንተርኔት ጨረታ

የአገው ምድር አርሶ አደር ምርቱን ራቅ ወዳለ ገበያ አውጥቶ መሸጥ የጀመረው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ድረስ ዘልቆ የዓባይን ምንጭ ያየው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ፣ አገዎች ማር፣ ሰም፣ ቅቤ፣ ስንዴና ቆዳ ጭነው፣ ከብትም እየነዱ በብዛት ወደ ጎንደር ይጓዙ እንደነበር ጽፏል። በዚያ ዓይነት ገበያ ገዢው ማሩን ቀምሶ፣ ቅቤውን አሽትቶ፣ ሻጩንም በዓይኑ አይቶ ይገዛል። የጥራት ምስክሩ ሻጩ ራሱ ነው።

የውጭው ገበያ እየሰፋ ሲመጣ ግን ገዢው ባህር ማዶ ሆነ፤ በመካከሉም ሰብሳቢው፣ አቅራቢውና ላኪው ገቡ። የብዙ ቀበሌ ምርት በአንድ መጋዘን ሲቀላቀል የአምራቹ ስም እዚያው ይቀራል። ተጠንቅቆ ያመረተውና ያልተጠነቀቀው እኩል ዋጋ ያገኛሉ። አርሶ አደሩን ለረጅም ጊዜ የጎዳውም ይኸው ነው።

ይህን ለመለወጥ መንገድ የከፈተው በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ነበር። በዚያው ዓመት የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ34 መሠረታዊ ማኅበራት ተቋቋመ፤ የሲዳማና የይርጋጨፌ ዩኒየኖችም ተከተሉ። ዩኒየኖቹ ቡናቸውን በማዕከላዊ ጨረታ ሳያልፉ በቀጥታ ለውጭ ገዢ እንዲሸጡ ተፈቀደላቸው። በመሆኑም ገዢው ቡናው ከየትኛው ማኅበር እንደመጣ ማወቅ ቻለ።

ቀጥሎ የመጣው የስም ጥያቄ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋጨፌ ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት ለአሜሪካ ጽሕፈት ቤት አመለከተ። ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የተነሳው ክርክርም እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት ተቋጨ። ስም ራሱ ሀብት መሆኑ ያን ጊዜ በይፋ ታየ። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ከጀመረ በኋላ በግል አቅራቢዎች በኩል የሚመጣው ቡና በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ይቀላቀል ስለነበር የቀበሌው ስም ይጠፋ ነበር። ማኅበራት ግን በቀጥታ የመሸጥ መብታቸው ስለተጠበቀ ስማቸውን ይዘው ቆዩ።

የኢንተርኔቱ ግብይት ውጤት በጉልህ የታየው በ2012 ዓ.ም. ነው። «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለው ዓለም አቀፍ የቡና ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሲካሄድ 1,459 ናሙናዎች ቀረቡ፤ 28ቱ አሸናፊ ሆኑ። በሰኔ ወር በኢንተርኔት በተካሄደው ጨረታ፣ የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን በዘጋበት ወቅት፣ የአንድ የሲዳማ አርሶ አደር ቡና በፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ በማይሞላ መጠን፣ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጠ። በዚያው ዓመት የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጣ።

ይህን ዋጋ ያመጣው ግን ኮምፒዩተሩ ብቻ አይደለም። ናሙናው አስቀድሞ በቀማሾች ተመዝኖ ነጥብ ተሰጥቶታል፤ ጭነቱ መለያ ቁጥር፣ የአምራቹ ስምና የቦታው ስም ነበረው። ሩቅ ያለው ገዢ የገዛው ያን ማስረጃ አምኖ ነው። በጎንደር ገበያ ሻጩ በአካል ይሰጥ የነበረውን ምስክርነት አሁን ወረቀቱና ቁጥሩ ይሰጣሉ።

ትምህርቱ ቡና ለሚያመርቱ ብቻ የሚተው አይደለም። ብሩስ የጠቀሰው ማር ዛሬም ከእንጅባራና ከዳንግላ ዙሪያ ገበያ አልጠፋም። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ ብትሆንም ምርቱ በአብዛኛው ለጠጅ ይውላል። በ2000 ዓ.ም. አገሪቱ ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት መላክ ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር ገብታለች። በዝርዝሩ ለመቆየት ማሩ ከመድኃኒትና ከኬሚካል ቅሪት ነፃ መሆኑ በየዓመቱ በምርመራ መረጋገጥ አለበት። የእርጥበት መጠኑ የበዛ፣ ጭስ ጭስ የሚል ወይም ስኳር የተቀላቀለበት ማር ምንም ያህል የሚያምር ፎቶግራፍ ቢነሳለት ገዢ አይመለስለትም።

አንድ አናቢ ብቻውን የላቦራቶሪ ወጪ፣ የማሸጊያና የባንክ ጣጣ አይችልም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ ይህን የሚችለው ማኅበሩ ነው። ይሁን እንጂ የጋራ ስም የጋራ አደራም አለው፤ አንድ አባል ስኳር የቀላቀለበት አንድ ባልዲ የሁሉንም ስም ያጠፋል። ስለዚህ ለሩቅ ገዢ የሚደረገው ዝግጅት የሚጀምረው ከኢንተርኔት መስመሩ በፊት፣ በርክክቡ ሚዛን ላይ ነው። እያንዳንዱ ባልዲ የአናቢው ቁጥር፣ የቀበሌው ስምና የተቆረጠበት ቀን ሊጻፍበት፣ ያልተጣራውም ያለ ይሉኝታ ሊመለስ ይገባል። የአካባቢው ኃላፊዎች ድርሻ ምርመራውን፣ መንገዱንና የመገናኛ መስመሩን ማቅረብ ነው፤ ስሙን የሚጠብቁት ግን አባላቱ ናቸው።