በአንድ ክኒን ውስጥ ሦስት ባለመብቶች፤ የሕንድ የፓተንት ሕግና የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ታሪክ

ኢትዮጵያ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምናን እ.ኤ.አ. በ2005 በነጻ መስጠት ስትጀምር በየጤና ተቋሙ የነበሩ ባለሙያዎች «1ኤ» ብለው ይመዘግቡት የነበረውን መድኃኒት አይረሱትም (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስታቩዲን፣ ላሚቩዲንና ኔቪራፒን በአንድ ክኒን ተዋሕደው ጠዋትና ማታ ይዋጡ ነበር፤ የታካሚው ክብደት እየታየም ባለ 30 ወይም ባለ 40 ሚሊ ግራሙ ይታዘዛል። በምዕራቡ ዓለም የእነዚህ መድኃኒቶች መብት በሦስት ተፎካካሪ ኩባንያዎች እጅ ነበር፤ ስታቩዲን በብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ፣ ላሚቩዲን በግላክሶ፣ ኔቪራፒን በቦህሪንገር ኢንግልሃይም። አንዱ ያለሌሎቹ ፈቃድ ሦስቱን ቀላቅሎ ሊሸጥ አይችልም። ሲፕላ የተባለው የሕንድ ኩባንያ በ2001 ይህን ያደረገው፣ በአገሩ ሕግ መድኃኒት ራሱ ፓተንት የማይሰጠው ስለ ነበር ነው። የፓተንት ሥርዓት ይሰረዝ ወይስ ይሻሻል እያለ ለሚከራከር ሁሉ ይህ ታሪክ ሊመረመር የሚገባው ነው።

ሕንድ ነጻ ስትወጣ የወረሰችው በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን፣ በ1911 የወጣውን የፓተንት ሕግ ነበር። በዚህ ሕግ ከተሰጡት ፓተንቶች አብዛኞቹ የውጭ ዜጎችና ድርጅቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም በአገሪቱ ውስጥ ሥራ ላይ አልዋሉም። ባለመብቱ በሕንድ አያመርትም፤ ሌላው እንዳያመርት ግን ይከለክላል። ዳኛ ራጃጎፓላ አያንጋር በ1959 ለመንግሥት ያቀረቡት ጥናት ይህን በዝርዝር አሳየ። በጥናቱ መሠረት የተረቀቀው ሕግ በ1970 ጸድቆ በ1972 ሥራ ላይ ዋለ።

አዲሱ ሕግ ፓተንትን ጨርሶ አልሻረም። ለምግብና ለመድኃኒት ግን ውጤቱን ትቶ የአሠራሩን ዘዴ ብቻ ጠበቀ፤ ያም ቢሆን ከሰባት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ነው። ስለዚህ ያንኑ ሞለኪውል በሌላ የኬሚስትሪ መንገድ መሥራት የቻለ ሁሉ ሠርቶ መሸጥ ይችል ነበር። ከዚህ የተነሣ አዲስ የመቀመሚያ መንገድ በመፈለግ የሠለጠኑ ኬሚስቶች ያሉት ትልቅ ኢንዱስትሪ በቀለ። የሕጉ ተቺዎች ይህ ኢንዱስትሪ በእነዚያ ዓመታት ያገኘው አዲስ ሞለኪውል እጅግ ጥቂት ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ይሁንና ፓተንት ከሌለ ምርምር የለም የሚለውም ወገን ኤዚቲን ማስታወስ ይኖርበታል። መድኃኒቱን በ1964 የሠሩት ጀሮም ሆርዊትዝ ናቸው፤ ሥራውም የተሠራው በዲትሮይት፣ በአሜሪካ መንግሥት የምርምር ገንዘብ ነው። ለካንሰር ታስቦ አልሠራ ስላለ ተተወ። በኤች አይ ቪ ላይ ያለው ኃይል በታወቀ ጊዜ ፓተንቱን የወሰደው በረውዝ ዌልከም ኩባንያ ሲሆን፣ በ1987 ለገበያ ሲቀርብ የዓመት ዋጋው ወደ 10 ሺህ ዶላር ይጠጋ ነበር። በእርግጥ ከዚያ በኋላ የመጡት ፕሮቲየዝን የሚያግዱ መድኃኒቶች በአመዛኙ የኩባንያዎች ቤተ ሙከራ ፍሬዎች ናቸው።

በ1995 የተመሠረተው የዓለም ንግድ ድርጅት የ20 ዓመት ፓተንት በመድኃኒትም ላይ እንዲሠራ አባላቱን አስገደደ፤ ሕንድ እስከ 2005 ጊዜ ተሰጣት። የክርክሩ እሳት የነደደው በዚህ መካከል ነው። ደቡብ አፍሪካ ርካሽ መድኃኒት ለማስገባት በ1997 ባወጣችው ሕግ ምክንያት 39 ኩባንያዎች ከሰሷት። በየካቲት 2001 የሲፕላው ዩሱፍ ሐሚድ ሦስቱን መድኃኒቶች ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበር በዓመት ለአንድ ታካሚ በ350 ዶላር ለማቅረብ ቃል ገቡ። በሀብታሞቹ አገሮች የተመሳሳይ ሕክምና ዋጋ 10 ሺህ ዶላርና ከዚያም በላይ ነበር። በሚያዝያ ኩባንያዎቹ ክሱን አነሡ። በኅዳር ደግሞ የድርጅቱ አባል አገሮች በዶሃ ተሰብስበው የሕዝብን ጤና ለመጠበቅ በስምምነቱ ያሉትን መውጫዎች መጠቀም መብት መሆኑን አወጁ።

ሕንድ በ2005 የመድኃኒት ፓተንትን መለሰች። ሲመለስ ግን አንድ አንቀጽ አስገባች፤ የታወቀ ንጥረ ነገር አዲስ ቅርጽ የፈውስ ኃይሉ ካልጨመረ ፓተንት አያገኝም። ኖቫርቲስ ለግሊቬክ ያቀረበውን ጥያቄ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሚያዝያ 2013 ውድቅ ያደረገው በዚሁ አንቀጽ ነው።

«1ኤ»ም ዘመኑ አልፏል። የስታቩዲንን መዘዝ፣ የእግር ማቃጠሉንና የፊት መሟጠጡን፣ ያየ ባለሙያ አይናፍቀውም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2009 መድኃኒቱ ቀስ በቀስ እንዲተው መክሯል። የተተካው ዶሉተግራቪር ግን የመጣው በሌላ በር ነው። በ2010 የተቋቋመው የመድኃኒት ፓተንት ቋት በ2014 ከባለመብቱ ፈቃድ ተቀበለ፤ በ2017ም ከቴኖፎቪርና ከላሚቩዲን ጋር የተዋሐደው ክኒን ለአንድ ታካሚ በዓመት ወደ 75 ዶላር እንዲሸጥ ስምምነት ተደረሰ።

ዋጋው ከ1ኤ ዘመን ጋር ሲነጻጸር የሚያስደስት ነው። በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ልዩነት ግን መዘንጋት የለበትም፤ በ1970 ድንበሩን ያሰመረው ምክር ቤት ሲሆን፣ በፈቃድ ውል ግን የሚያሰምረው ባለመብቱ ነው። ጊሊያድ በየስድስት ወሩ በመርፌ ለሚሰጠው ሌናካፓቪር በ2024 ስድስት አምራቾች ለ120 አገሮች እንዲሠሩ ፈቀደ። ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ አለች። መድኃኒቱ በዜጎቻቸው ላይ የተሞከረባቸው ብራዚል፣ አርጀንቲና፣ ሜክሲኮና ፔሩ ግን የሉበትም።