የወላጆቻችን ካሴት

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ፥ ወላጆቻችን ወጣቶች በነበሩበት ዘመን፥ በአገራችን ዋነኛው የዘፈን ማኅደር ካሴት ነበረ። እኛ የዛሬ ተማሪዎች ይህን ዕቃ ስናይ ሳቃችን ይመጣል፤ ዳሩ ግን ከመሳቃችን በፊት ታሪኩን ማወቅ ይገባናል።

ካሴትን በ1963 ያወጣው የፊሊፕስ ኩባንያ ነው። በ1979 ደግሞ ሶኒ ዎክማን የተባለውን ትንሽ ማጫወቻ ስላወጣ፥ ወጣቱ ጆሮውን ደፍኖ በየመንገዱ ብቻውን ራሱን የሚወዘውዝ ሆነ። የ90 ደቂቃው ካሴት በ45 ደቂቃ ይገለበጣል። ክሩ ሲላላ ሐኪሙ እስክሪብቶ ነበረ፤ በቀዳዳው አስገብቶ ማጠንጠን ነው። ባትሪው ሲደክም ግን መድኃኒት የለም፤ የወጣቷ ዘፋኝ ድምፅ እንደ ሽማግሌ ይጎረንን ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ የምንስቅበት ዕቃ ባለውለታችን ነው። የዋልያስ ባንድ አባል የነበሩት አቶ ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮኑንም ኪቦርዱንም ብቻቸውን እየተጫወቱ አንድ ካሴት ቀዱ፤ ኋላም በዋሺንግተን ታክሲ ነጂ ሆኑ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ያ ካሴት በባሕር ዳር ከተማ ተገኝቶ በ2013 እንደገና ታተመ፤ እርሳቸውም ወደ መድረክ ተመለሱ።

ያን ካሴት ሰው ከጥራጊ ጋር ጥሎት ቢሆን ኖሮስ? ስለዚህ፥ ጓደኞቻችን ሆይ፥ በየቤታችን ሣጥን ውስጥ የቀረውን ካሴት ከመጣላችን በፊት ወላጆቻችን እንዲያሰሙን እንለምናቸው። እስክሪብቶውን እኛ እናቀርባለን።